የሙሉቀን ንብ

ሙሉቀን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በምትገበይ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አባቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በሠፈራ የሄዱ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ከሞፈር ይልቅ ለሽቦ የተፈጠረ ሆነባቸው። የተበላሸ ሬዲዮ ይዞ የመጣ ሰው ሲኖር፣ መጀመሪያ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ቀስ አድርጎ ይነቀንቀውና "ነገ ብቅ በሉ" ይላል። ነገ ብሎ ከነገ ያሳለፈበት ቀን አልነበረም። አማራውም ኦሮሞውም ደንበኛው ነበር፤ ከግማሾቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከግማሾቹ ጋር በአማርኛ ሲጫወት ይመሻል።

ሰዉ ቤቱን ጥሎ የተሰደደበት ያ ክፉ ቀን የመጣ ጊዜ ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ። ሚስቱ ወይንሸት በጥድፊያው መሐል በር ሥር ያገኘችውን ከረጢት፣ በሶ ያለበት መስሏት፣ ብድግ አድርጋ ተሸከመች። ሁለት ቀን ጫካ ለጫካ ተጉዘው ሊበሉ ሲፈቱት፣ ከውስጡ የወጣው የእርሳስ መበየጃ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና አንድ ጣሳ ሙሉ አሮጌ የሬዲዮ ዕቃ ነበር። ወይንሸት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሙሉቀን ከረጢቱን መልሶ አሰረና ትከሻው ላይ ጣለው።

ደብረ ብርሃን የደረሱት ሐምሌ ሲገባ ነው። ለቆላ ሰው የዚያ አገር ሐምሌ ምሕረት የለውም። የተሰጣቸው ቤት በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በሸራ ከተከለሉት ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ወዲያ ጥግ ያለ ሕፃን ሲያስል ወዲህ ጥግ ያለው ይነቃል። ወይንሸት ካልሲ ማድረግ የተማረችው እዚያ ነው። ሙሉቀንም የሰዉን ስልክና ባትሪ እየጠጋገነ መዋል ጀመረ።

በመጠለያው ሰው ያልጠፋበት ቤት አልነበረም። አንዱ በመንገድ ከሚስቱ ተለያይቷል፤ አንዷ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ጎረቤቱ የት እንደገባ አታውቅም። የተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ገብረአብ የተባሉ የቀድሞ አስተማሪ ናቸውና፣ የጠፋውን ሰው ሁሉ ስም በደብተር መዘገቡ። ዝርዝሩ ወደ ሌሎች መጠለያዎች ይላካል፤ በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ ስም አንጻር መልስ ተጽፎበት ይመለሳል። አቶ ገብረአብ መጀመሪያ በሜጋፎን ያነቡት ነበር። ግን ሜጋፎኑ ገና ሲንጫጫ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እያፈሱ ይሮጣሉ፤ በእንደዚያ ዓይነት ጩኸት ከቤታቸው የወጡ ናቸውና። የቀረውንም ነፋሱ ይበትነዋል።

"እኔ አንድ ነገር ልሞክር?" አላቸው ሙሉቀን።

"ምን?"

"በእጅ የሚዘወሩትን ትናንሽ ሬዲዮዎች የረድኤት ሰዎች ለየቤቱ አድለዋል አይደል? በመካከለኛው ሞገድ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ድምፁ ከዚህ ግቢ የማያልፍ ትንሽ ማሰራጫ ልሥራ። ሰዉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰማል።"

አቶ ገብረአብ የሚመለከታቸውን ጠይቀው፣ ከግቢው እንዳያልፍ በቃል ተፈቀደላቸው። ሙሉቀን ከጣሳው ውስጥ በለቀማቸው ዕቃዎች ማሰራጫውን ሠራ፤ የመብራት ኃይሉን ከሞተ ቴፕ በወጣ ትራንስፎርመር ሰጠው፤ አንቴናውን ከመጋዘኑ ጣሪያ እስከ ውኃው ማማ ዘረጋ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የመጀመሪያውን ስም ሲያነብ መጠለያው በሙሉ ጸጥ አለ።

ሠርቷል፤ ግን ያጓራ ነበር። ከድምፁ ሥር፣ ሳያቋርጥ፣ እምምም የሚል የመብራት ጉርምርምታ አለ። ሰው ዝም ሲል ጎልቶ ይሰማል፤ ሰው ሲናገርም ከቃሉ ጋር ይታገላል። ልጆቹ "የሙሉቀን ንብ" የሚል ስም አወጡለት። ሙሉቀንም ይስቅ ነበር። ይሰማል አይደለም ወይ? በዚያ በተጣለ ዕቃ ከዚህ ምን ይፈለጋል?

ወይዘሮ ንጋቷ በመጋዘኑ መጨረሻ፣ በነፋሱ በኩል ነው የሚኖሩት። ባላቸው ምህረቱ ቀድመው ሞተዋል። አንዲት ልጅ ብቻ አለቻቸው፣ ይርጋለም የምትባል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት። በመንገድ ላይ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ፣ ተለያዩ። ሴትየዋ ቅዳሜ ሲደርስ ሬዲዮዋን ከሰባት ሰዓት ጀምረው ይዘውሩና ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

ሙሉቀን ሲያነብ አንድ ልማድ ነበረው። ስሙን ጮክ አድርጎ ይላል፤ መልሱ ላይ ሲደርስ ግን፣ ቃሉን ማለት ስለሚከብደው፣ ድምፁ ይወርዳል። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ እንዲህ ሲል አነበበ፦ "ይርጋለም ምህረቱ። ሐይቅ መጠለያ። አልተገኘችም።" ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈ።

አንብቦ ሲወጣ ከመጋዘኑ ወዲያ ጫፍ እልልታ ሰማ። የወለደች ሴት አለች ብሎ አሰበ። ወይንሸት እየሮጠች መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

"እትዬ ንጋቷ ጋ ነበርኩ። ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን?"

"ይርጋለምን ነዋ። ሐይቅ ተገኘች ብለህ አነበብክ እኮ።"

ሙሉቀን ወረቀቱን ዘርግቶ በጣቱ ፈለገ። አገኘው። ለወይንሸት አሳያት። እሷም አየችው፤ ከዚያ ወደ እልልታው ዞረች።

"'አል' የሚለውን አልሰማንም" አለች ቀስ ብላ። "እኔም ነበርኩ። 'ም'ዋንም አልሰማሁም። ንቡ ነው የተሰማው።"

እንዲያ ነበር። የቃሉ መጀመሪያ በዝቅተኛ ድምፁ ጠፍቷል፤ መጨረሻ ያለችው "ም" ከእምምታው ጋር አንድ ሆና ቀርታለች። በመሐል የተረፈው "ተገኘች" ብቻ ነው።

ሁለቱም ሄዱ። ወይዘሮ ንጋቷ እግራቸውን ታጥበው፣ ጸጉራቸውን ተቀብተው፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ዙሪያቸውን ሴቶች ከበዋቸዋል።

"መጣህልኝ ልጄ" አሉት። "የሐይቅ መኪና ከየት ነው የሚነሣ? እነዚህ አያውቁም።"

ሙሉቀን ወረቀቱን ዘረጋላቸው። "እትዬ ንጋቷ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያነበብኩት አልተገኘችም ብዬ ነው።"

"ተገኘች አልክ።"

"አልተገኘችም ነው ያልኩት። ጉርምርምታው ዋጠው።"

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እነዚህም ሰምተዋል።" ወደ ሴቶቹ ዞሩ። አንዷም አልተናገረችም። ወይዘሮ ንጋቷም ነጠላውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ጫፉን ከጫፉ አገጣጥመው በጥንቃቄ አጠፉትና ለባለቤቲቱ ዘረጉላት።

"ይያዙት እትዬ፣ ይልበሱት" አለች ሴትዮዋ።

"ምን አደርግበታለሁ?" አሉ። ከዚያ ሬዲዮዋን አንሥተው ለሙሉቀን ሰጡት። "ይህችንም ውሰዳት። ለሚሰማ ሰው ስጣት።"

ያን ሰሞን ወይንሸት ናት መላ የመታችው። "በመጀመሪያ ቃሉን ለውጠው" አለችው። "አልተገኘችም አትበል። 'ገና ትፈለጋለች' በል። እንኳን ንብ፣ ባቡር ቢያልፍበት 'ተገኘች' አይሆንም።" ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ማንበብ ጀመረ። ግን ስሞቹስ? ንጋቱና ንጋቷ፣ ዓለሙና ዓለሟ በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ምን ይለያቸዋል?

ኃይል እያጠራቀመ የሚያለሰልሰውን ኮንደንሰር አውጥቶ፣ ከተቃጠለ የሙዚቃ ማጉያ ባገኘው በትልቁ ተካው። በጆሮ ማዳመጫ ከራሱ ከማሰራጫው ሲሰማ ጸጥ አለለት። ደስ ብሎት ወይንሸትን ሬዲዮ አስይዞ ወደ መጋዘኑ ጫፍ ላካት። ተመልሳ ራሷን ነቀነቀች።

"አለ። ትንሽ ቀንሷል እንጂ አለ።"

"እኔ ጋ የለም እኮ።"

"አንተ ጋ ላይኖር ይችላል። እነሱ ጋ አለ።"

ነገሩ ግራ ገባው። ከክሊኒኩ ድንኳን የመኪና ባትሪ ለምኖ አመጣና ማሰራጫውን በእሱ አስነሣው። ያን ጊዜ በየሬዲዮው ሁሉ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ችግሩ ከመብራቱ እንደሚመጣ ተረዳ፤ ባትሪው ግን ክሊኒኩ ለማዋለጃ መብራት የሚጠቀምበት ስለሆነ በማግሥቱ መለሰው። ማሰራጫውን መልሶ ግድግዳው ላይ ሲሰካ ንቡም ተመለሰ።

ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ጋሼ ዘርአ ዳዊት የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የአንኮበር የካህናት ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ክህነቱን ለወንድማቸው ትተው መሣሪያ ጥገና ተማሩ፤ ብዙ ዘመን በሬዲዮ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሙሉቀን ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። የሆነውንም፣ የወይዘሮ ንጋቷን ነገር ጭምር፣ ነገራቸው። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆይተው መነጽራቸውን አደረጉ።

"በማዳመጫ የለም፤ በሬዲዮ አለ። በባትሪ ደግሞ ከሁለቱም የለም። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት ጋሼ።"

"እንግዲያማ ኮንደንሰር ብትከምርበትም አይድንም። አንተ የምትልከው ሞገድ በአየር ብቻ የሚሄድ ይመስልሃል። ከአንቴናህ ወጥቶ የመብራት ሽቦህ ውስጥም ይገባል። እነዚህ አራት ዳዮዶች ደግሞ የመብራቱን ኃይል ሲያቀኑ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የገባባቸውን ሞገድ እየቆራረጡ መልሰው ይተፉታል። ሬዲዮው አንተንም ይሰማል፤ ያንን የተቆራረጠውንም ይሰማል።"

"ምን ላድርገው?"

"በእያንዳንዱ ዳዮድ ጀርባ ትንሽ ኮንደንሰር በይድ፤ አራት ነው የሚያስፈልግህ። ሞገዱ በጎን ያልፋል፣ አይቆራረጥም። የመብራቱን ገመድ በአሮጌ ሬዲዮ ጥቁር የአንቴና ዘንግ ላይ አሥር ጊዜ ጠምጥመው። አንቴናህን ከመብራቱ መስመር አርቀው። ከዚያ ብረት መሬት ውስጥ ቅበርና ማሰራጫውን ከእሱ ጋር በሽቦ እሰረው። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ውኃ አጠጣው።"

ኮንደንሰሮቹን ከራሳቸው መሳቢያ አውጥተው ሰጡት። ሙሉቀን ሊሄድ ሲነሣ "የሴትዮዋን ልጅ ማን አልከኝ?" ሲሉ ጠየቁት። ነገራቸው።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። አንድ ነገር በጨመረ ቁጥር ወይንሸት ሬዲዮዋን ይዛ ጫፍ ድረስ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። ዳዮዶቹን በበየደ ጊዜ "ግማሹ ሄደ" አለች። ገመዱን በዘንጉ ላይ ሲጠመጥም "አሁን ከሩቅ ነው" አለች። የመጨረሻው ብረቱ ነበር። ከውኃው ማማ ሥር፣ ሁልጊዜ በሚረጥበው ቦታ፣ እስከ ወገብ በሚደርስ ጥልቀት ቀበረው። ያን ቀን ወይንሸት ሄዳ ቆየች። ስትመለስ እያለቀሰች ነበር።

"ስትተነፍስ ሰማሁህ" አለችው። "ከቃሉ በፊት ትንፋሽህ ይሰማል።"

መጠለያው በሙሉ አመሰገነው። ልጆቹ ንቡ የት ሄደ እያሉ ጠየቁ። ሙሉቀን ግን በማግሥቱ የወይዘሮ ንጋቷን ሬዲዮ ጠራርጎ፣ መዘወሪያዋን ዘይት ቀብቶ፣ ወሰደላቸው። በሸራው በር አጠገብ ተቀምጠው ሽንብራ ይለቅማሉ።

"እትዬ፣ አሁን ጠርቷል። ደግሞ የሚሳሳት ቃል የለም።"

"አሉኝ። ጠራ አሉኝ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ሲጠራ ምን ይለኛል ልጄ?"

ሙሉቀን ሬዲዮዋን አጠገባቸው አኖራት። አልነኳትም፤ ግን ውሰዳትም አላሉም። ሊሄድ ሲል "ስሟን ታነባለህ?" አሉት።

"ሁልጊዜ አነባለሁ።"

"አንብበው። እኔ ባልሰማም አንብበው። ያልተጠራ ስም ይረሳል።"

አነበበው። ገና ትፈለጋለች እያለ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጥቅምት አልፎ፣ ጥር አልፎ፣ ፋሲካ አልፎ።

በግንቦት ከሌላ መጠለያ የተዛወረች አንዲት ሴት መጣች። አቶ ገብረአብ ስሟን ሊመዘግቡ ሲጠይቋት፣ በመንገድ ያየችውን አንድ በአንድ አወራች። ይርጋለም ምህረቱ የምትባል ልጅ አብራቸው ነበረች። ወንዙን በተሻገሩ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ጣላት። አምስተኛውን ቀን አላየችውም። ሁለት ሴቶች ከአንድ ሾላ ሥር ቆፍረው ቀበሯት፤ አውሬ እንዳያወጣት ድንጋይ ደረደሩባት። ቄስ አልነበረም።

አቶ ገብረአብ ወደ ሙሉቀን መጡ። "ይህ የሚነበብ አይደለም" አሉ።

"አውቃለሁ። መርዶ በሬዲዮ አይነገርም።"

"ጠዋት፣ ሰው ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።"

"እኔም ልምጣ።"

አቶ ገብረአብ ፊቱን አዩት። "አንተን ካዩህ ገና ከበር ያውቁታል።"

"ይወቁት። ያን ቀን ያለ ሽማግሌ ነው ያሳዘንኳቸው።"

ጎሕ ሲቀድ ስድስት ሆነው ሄዱ፤ ወይንሸት ሰባተኛ። ሣሩ በጤዛ ርሷል። ወይዘሮ ንጋቷ ነቅተው ነበር። ጋቢ የለበሱትን ወንዶች አንድ በአንድ ተመለከቱና ዓይናቸው ሙሉቀን ላይ ቆመ።

"ዛሬስ በትክክል ንገሩኝ" አሉ።

አቶ ገብረአብ ነገሯቸው። ሁሉንም፣ ሾላውንም፣ ድንጋዩንም። ወይዘሮ ንጋቷ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቀበሯት ሴቶች አንዷ እዚህ ናት ወይ? እንዳልሆነች ሲነግሯቸው፣ "እግዜር ይስጣቸው" አሉ። ከዚያ ነው የጮኹት። መጋዘኑ በሙሉ ነቃ፤ ባለፈው እልል ያሉት ሴቶች አሁን ደረታቸውን እየመቱ መጡ። አንዳንዶቹ የሚያለቅሱት ለይርጋለም ብቻ አልነበረም።

ጋሼ ዘርአ ዳዊት ነገሩን የሰሙት ከሳምንት በኋላ ነው። በእግራቸው መጠለያው ድረስ መጡ፤ ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። "አንኮበር ወንድሜ ቄስ ወልደአረጋይ አለ" አሉ ለወይዘሮ ንጋቷ። "ልጅዎ ያለ ፍትሐት አትቅር። መርዶዋ ከተነገረ በአርባኛው ቀን እወስድዎታለሁ።" ሴትዮዋም እሺ አሉ። በሚያውቀኝ ሰው ፊት ሁለተኛ አላለቅስም፤ እዚያ ማንም አያውቀኝም፤ ይሻለኛል አሉ።

በአርባኛው ቀን አራት ሆነው ሄዱ፦ ወይዘሮ ንጋቷ፣ ጋሼ ዘርአ ዳዊት፣ ሙሉቀንና ወይንሸት። አንኮበር ሲደርሱ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይወጣ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያገኙት በዛፎቹ ነው። ቄስ ወልደአረጋይ ከወንድማቸው የባሱ ሽማግሌ ናቸው። ጥናውን ይዘው ወጡና ሴትዮዋን ጠየቁ።

"የክርስትና ስሟን ማን ልበል?"

"ወለተ ሐና።"

ነፋሱ ከጽዱ ላይ ያፏጫል። ቄሱ ጆሯቸውን አዘነበሉ። "ማን?"

"ወለተ ሐና" አሉ ወይዘሮ ንጋቷ፣ አሁን ጮክ ብለው።

ሙሉቀን ያን ስም ሰምቶት አያውቅም። አሥራ አምስት ጊዜ ይርጋለም ምህረቱ ብሎ አንብቧል፤ ስለ ልጅቷ የሚያውቀው ግን የዕድሜዋን ቁጥር ብቻ ነበር።

ጸሎቱ ረዥም ነበር። ሲያልቅ ከቄሱ ቤት ዳቦና ጠላ ቀረበ፤ ወይዘሮ ንጋቷም ትንሽ ቀመሱ። እንዳይመሽባቸው ተነሥተው መኪና ያዙ። ሴትዮዋ በመስኮቱ በኩል፣ ሙሉቀን አጠገባቸው ተቀመጠ። ገብስ የተዘራበት ሜዳ ሲጀምር፣ ወይዘሮ ንጋቷ ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ።

"ዶሮ ትፈራ ነበር" አሉ። "ያደገች ልጅ፣ የገጠር ልጅ። እንቁላል አምጪ ስላት ዱላ ይዛ ነው የምትገባው።"

ሙሉቀን ወደ እሳቸው ዞረ። "ለምን?" አለ።

"ልጅ ሆና አውራ ዶሮው ነቁሯታል። እዚህ ጋ።" ቅንድባቸውን ነኩ። "ጠባሳ ነበራት። አባቷ ያን አውራ በማግሥቱ አረደው፤ እሷ ግን ሥጋውን አልበላም ብላ አለቀሰች። አዘነችለት።"

ወይንሸት ከኋላ ወንበር ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ታዳምጥ ነበር። ወይዘሮ ንጋቷ ቀጠሉ፦ ትምህርት ቤት ስለ ገባችበት ቀን፣ ሁለት ጊዜ ስለ ጠፋባት ጫማ፣ የሰው ሠርግ ላይ ብቻ ስለምታሰማው የዘፈን ድምፅዋ። መኪናው ሰው እያወረደና እየጫነ ሄደ፤ ረዳቱ ጮኸ፤ እሳቸው ግን አላቋረጡም። የደብረ ብርሃን ቆርቆሮዎች ከሩቅ ሲታዩ ወጋቸው ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ነበር።